ሁዳዴን በአንደበትና በሐሳብ መጾም፦ የስምንት ሳምንት አካሄድ

ሁዳዴ ሲቃረብ ሥጋውና ቅቤው ከጓዳ ይወጣል፣ ዕቃው ይታጠባል፣ ሽሮው ይዘጋጃል። ለአንደበትና ለሐሳብ ግን እንዲህ ያለ ዝግጅት የሚያደርግ ጥቂት ነው። «ዘንድሮ ሰው አላማም፣ ክፉ አላስብም» ተብሎ በዘወረደ (በመጀመሪያው ሳምንት) ሰኞ ይጀመራል፤ ቅድስት (ሁለተኛው ሳምንት) ሳይደርስ ይረሳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው ፈቃድ አይደለም፣ ቅደም ተከተል ነው። ሰው ሁሉንም በአንድ ቀን ሊያጸዳ ይነሣል፤ ከዚያም ከሁሉ የሚከብደውን ሐሳብን አስቀድሞ ይይዛል።

ጌታ «ከአፍ የሚወጣ ግን ከልብ ይወጣል» ብሏልና (ማቴ 15፥18) ሥሩ ሐሳብ መሆኑ አያከራክርም። ጀማሪ ሊጨብጠው የሚችለው ግን አንደበቱን ነው። አባቶች ዐሥሩን የቅድስና መዓርጋት ሲደረድሩ በንጽሐ ሥጋ መጀመሪያ ያስቀመጡት ጽማዌን፣ ማለትም ዝምታን ነው፤ ንጽሐ ልቡና የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ስለዚህ በዚህ አካሄድ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የዓይን፣ የጆሮና የአንደበት ናቸው፤ ወደ ሐሳብ የሚገባው ከመጻጉዕ (ከአራተኛው ሳምንት) ጀምሮ ነው።

ከጾሙ በፊት የሚዘጋጅ

ንስሐ አባታችሁን ከዘወረደ በፊት ባለው ሳምንት አግኙ። በጾሙ ምን ልትይዙ እንዳሰባችሁ ንገሯቸው፤ የስግደቱንና የጸሎቱን ልክ እሳቸው ይወስኑ። ለራስ ቀኖና (የንስሐ ቅጣት) መስጠት በዚህ ሥራ ውስጥ ከሚያጋጥሙት ስሕተቶች ሁሉ ቶሎ የሚያደክመው ነው፤ በወደቁ ቁጥር ስግደት የሚጨምር ሰው በሦስተኛው ሳምንት ጉልበቱም ተስፋውም ያልቃል።

ኪስ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ደብተር ያዙ። መቁጠሪያ (ጸሎት የሚቆጠርበት ዶቃ) ካላችሁ ባለ 41ም ሆነ ባለ 64 ይሁን፣ ልዩነት የለውም። ዳዊት በሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ይጸለያል፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፣ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። ላልለመደ ሰው ይህ ብዙ ነው። ከየዕለቱ ድርሻ ሦስት ወይም አምስት መዝሙር ወስዶ ሳያቋርጡ መጸለይ ሠላሳውን አንድ ቀን አንብቦ ሳምንቱን ከመተው ይሻላል። (እዚህ የምንጠቅሰው የመዝሙር ቁጥር ቤተ ክርስቲያን የምትጠቀምበት ነው፤ በሌሎች ኅትመቶች አብዛኛው በአንድ ይበልጣል።)

ዘወረደ፦ ምልክት ማድረግ ብቻ

በዚህ ሳምንት ምንም ለማስተካከል አትሞክሩ። ኃጢአት በሐልዮ (በማሰብ)፣ በነቢብ (በመናገር)ና በገቢር (በማድረግ) እንደሚሠራ ተምረናል፤ በደብተሩ ላይ «ሐ»፣ «ነ»፣ «ገ» የሚሉ ሦስት ዓምዶች አስምሩ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በቀትር፣ በ11 ሰዓትና ከመኝታ በፊት፣ ያለፉትን ሰዓታት አስታውሳችሁ ምልክት አድርጉ። ከነቢብ ዓምድ ሥር ዓይነቱን በአንድ ቃል ጨምሩ፦ ሐሜት፣ ሐሰት፣ መሐላ፣ ስድብ፣ ሽሙጥ፣ ነገር ማዋሰድ፣ ከንቱ ወሬ። የሰው ስም አይጻፍ፤ ዝርዝሩም አይጻፍ። ደብተሩ ሰው እጅ ቢገባ ሐሜቱ በጽሑፍ ተባዛ ማለት ነው። ንስሐ ከገባችሁ በኋላ ገጾቹን ቀዳችሁ አቃጥሉ።

ቅዳሜ ማታ ምልክቶቹን ስትመለከቱ ቁጥሩ አያስደንግጣችሁ፤ የሚፈለገው ሰዓቱና ቦታው ነው። የአብዛኛው ሰው ነቢብ በአንድና በሁለት ቦታ ይከማቻል፦ በመሥሪያ ቤት የሻይ ሰዓት፣ ማታ በስልክ፣ ወይም ቡና ላይ። ቡና ላይ ከሆነ ደግሞ ስኒውን ተመልከቱ። በአቦል ጤና ይጠየቃል፣ የኑሮ ውድነት ይነሣል፤ በቶና የዘመድ ወሬ ይመጣል፤ በበረካ ግን የሌለ ሰው ስም መነሣቱ አይቀርም። ይህን ያወቀ ሰው ከቡናው መቅረት አያስፈልገውም፤ ቶናን ጠጥቶ መነሣት ይበቃዋል።

ቅድስት፦ ዓይንና ጆሮ

የዚህ ሰንበት ወንጌል ማቴዎስ 6፥16–24 ነው፤ «የሰውነት መብራት ዓይን ናት» የሚለው ቃል እዚያ ውስጥ አለ። ዛሬ አብዛኛው ክፉ ሐሳብ የሚገባው በስልክ ነውና ሥራው አጭር ነው። ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር፤ ለማንቂያ ካስፈለገ የማንቂያ ሰዓት ግዙ። ጸሎተ ነግህ (የጠዋቱ ጸሎት) ሳይደርስ አይከፈት። ሰው የሚሰደብባቸውንና የሚታማባቸውን የቴሌግራም ቡድኖች ልቀቁ፤ በዘመድ ምክንያት መልቀቅ ካልተቻለ ድምፃቸውን አጥፉ። የሌላ ሰው ገመና የሚተነተንበትን የቲክቶክ ቀጥታ ስርጭት «ለማወቅ ብቻ» ብሎ መክፈትም በጆሮ ማማት ነው። የሃይማኖት ክርክር ነው ተብሎ ስድብ የሚወረወርበትም ከዚሁ አይለይም፤ እንዲያውም ሰሚው ለእግዚአብሔር የቀና ስለሚመስለው ይብሳል።

ጆሮ የሰማው ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላ በጸሎት ሰዓት ስለሚመለስ የዚህ ሳምንት ፍሬ ወዲያው አይታይም። አትቸኩሉ።

ምኩራብ፦ ሐሜት

ጌታ ሻጮችንና ለዋጮችን ከቤተ መቅደስ ያስወጣበት ዮሐንስ 2 የሚነበብበት ሳምንት ነው። ጾሙ ውስጥ ብዙ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ሥራ እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ድንበሩን እንለይ። ሐሜት ማለት ሰውየው በሌለበት ስሙን ዝቅ የሚያደርግ ነገር መናገር ነው። ነገሩ እውነት መሆኑ ሐሜት ከመሆን አያድነውም፤ ሐሰት ከሆነማ ስሙ የሐሰት ምስክርነት ነው። በሌላ በኩል ነገሩን ሊያስተካክል ለሚችል ሰው መንገር ሐሜት አይደለም። የተደበደበች ሚስት ለወላጆቿ፣ ለካህን ወይም ለፖሊስ ብትናገር፣ ልጅ ላይ አደጋ ያየ ጎረቤት ለወላጅ ቢያሳውቅ፣ ገንዘብ ሲሰረቅ ያየ ሠራተኛ ለኃላፊ ቢያመለክት ነውር የለበትም። ግፍን በዝምታ የሸፈነ ሰው ጽማዌን ጠበቅሁ ሊል አይችልም። በወንድም በደል ላይ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ተጽፏል (ማቴ 18፥15–17)፦ መጀመሪያ ለብቻው፣ ቀጥሎ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ፣ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን። እኛ የምናደርገው ብዙውን ጊዜ ተገላቢጦሹን ነው፤ ሰውየው የሚሰማው ከሁሉ በኋላ ነው።

ስም ሲነሣ እንዲህ አድርጉ፦

1. ለመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መልስ አትስጡ። «እንዴ! ከዚያስ?» የሚለው ነው ማገዶው፤ «እንጨት ባለቀ ጊዜ እሳት ይጠፋል» ተብሏል (ምሳ 26፥20)። ሐሜተኛ የሚፈልገው ሰሚ ነው፤ ሰሚ ካልመለሰ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ለመጀመር ያመነታል።

2. ስለዚያ ሰው የምታውቁትን አንድ እውነተኛ መልካም ነገር ተናገሩ። አንድ ይበቃል፤ ከበዛ ክርክር ይሆናል፣ ተናጋሪውም ለመርታት ሲል ያልነበረውን ይጨምራል።

3. ወሬውን ወደ ተናጋሪው መልሱት። «አንቺስ ጤናሽ እንዴት ሆነ?» «የልጁ ትምህርትስ?» ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ የሌላውን ይተዋል።

4. ይህ ካልሠራ ተነሡ። ስኒ ሰብስቡ፣ ውኃ ቅዱ፣ ስልክ ለመመለስ ውጡ። ስብከት አያስፈልግም፤ «እኔ ሐሜት አልሰማም» ብሎ መነሣት ተቀማጩን ሁሉ መውቀስ ነው፤ ሌላ ኃጢአት ይዞ መውጣት ነው።

የሚያሙት አማት፣ አክስት ወይም ሌላ ትልቅ ሰው ከሆኑ ማቋረጥ ነውር ነው። ለዚያ ቋንቋችን የራሱ መዝጊያ አለው፦ «እንግዲህ እሱንስ እግዚአብሔር ይርዳው በሉ፣ እማማ።» ይህን ሰምተው የሚቀጥሉ ጥቂት ናቸው፤ ከቀጠሉም ሁለተኛ ጊዜ በሉት።

በዚህ ሳምንት ሁለት ወጥመዶች ይበዛሉ። አንደኛው በጸሎት ስም የሚመጣ ሐሜት ነው፦ «ለጸሎት እንድታስቧት ብዬ ነው እንጂ...»። የጽዋ ማኅበር ላይ ይህ የተለመደ ነው። ለሰው ለመጸለይ ስመ ክርስትናው ይበቃል፤ እግዚአብሔር ዝርዝሩን ያውቃል። ሁለተኛው ወጥመድ ንስሐ ላይ ነው። «አማሁ» ለማለት የገባ ሰው የታማውን ታሪክ ለካህኑ ከነማስረጃው ያቀርባል፤ ሲወጣ የሌላውን ኃጢአት ተናዞ ወጥቷል። «ሰው አምቻለሁ፣ ይህን ያህል ጊዜ፣ በቅናት ነበር» ብሎ ማቆም ነው።

ያሙትን ሰው እንዴት ይክሱታል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ሆኖም መንገድ አለው። ሰውየው መታማቱን ካወቀ ራሳችሁ ሂዱ፤ ምክንያት ሳትደረድሩ «አምቼሃለሁ፣ ይቅር በለኝ» በሉ። ቂሙ ከጠነከረ ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ። ካላወቀ ግን ሄዳችሁ አትንገሩት፤ የእናንተን ሕሊና ለማቅለል የእሱን ልብ ማቁሰል ይሆናል። ይልቁንስ ወደ ነገራችኋቸው ሰዎች ተመለሱ፤ «ያን ጊዜ ስለ እገሌ ያልኩት ትክክል አልነበረም፣ ልናገረውም አይገባኝም ነበር» በሏቸው። ከንስሐው ሁሉ የሚያፍሩበት ይሄ ነው፤ በድጋሚ ከማማት የሚያግደውም ይሄው ነው።

ስለ መሐላ፣ ሽሙጥና ቁጣ

መሐላ ልማድ ነው፤ «ሙት!»፣ «እመቤቴን!»፣ «በቁርባኔ!» ሳይታሰብ ይወጣል። በማቴዎስ 5፥37 መሠረት ምትኩ «አዎን» እና «አይደለም» ብቻ ነው፤ በልማዱ ቦታ «እውነቴን ነው» የሚለውን አኑሩ። የቅርብ ሰው በማላችሁ ቁጥር እንዲያስታውሳችሁ ለምኑ፤ ልጆች ለዚህ ሥራ በጣም ጎበዞች ናቸው።

ሽሙጥ ከስድብ የከፋ ይመስለናል። ተሳዳቢ ቢያንስ ተሳድቤያለሁ ብሎ ይናዘዛል። አሽሟጣጭ ግን በሰሙ ስለሚሸሸግ «እኔ ምን አልኩ?» ይላል፤ አብልጦም በብልሃቱ ይመሰገናል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ወርቁን ገልጣችሁ ፊት ለፊት ልትናገሩት የማትደፍሩትን በሰም አትናገሩት።

ቁጣ ሲመጣ የጸሎት ሰዓታትን እንደ ገደብ ተጠቀሙባቸው። ነግህ፣ ሠለስት (3 ሰዓት)፣ ቀትር (6)፣ ተሰዓት (9)፣ ሰርክ (11)፣ ንዋም (የመኝታ)፣ መንፈቀ ሌሊት። የሚያስቆጣ መልእክት ከደረሳችሁ እስከሚቀጥለው የጸሎት ሰዓት አትመልሱ፤ ቀን ላይ ይህ ከሦስት ሰዓት አይበልጥም። መልሱን ስልኩ ላይ አትጻፉት፣ ጣት ሳታዝዙት ይልካል፤ ደብተር ላይ ጻፉት። ሰዓቱ ሲደርስ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙ፣ ከዚያ የጻፋችሁትን አንብቡ። አብዛኛው መልስ ከዚህ አያልፍም። በሌላ ወገን ጉዳዩን ከሰርክ በላይ ማሳደር አይገባም፤ «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» (ኤፌ 4፥26)። ስለዚህ 11 ሰዓት ላይ ወይ በእርጋታ መልሱ፣ ወይ «ነገ እናውራበት፣ ሰላም እደር» በሉ። ዝም ብሎ ማደር ኩርፊያ ነው። ከውጭ ሲያዩት ጽማዌ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲሳደብ ያድራል።

ከመጻጉዕ እስከ ኒቆዲሞስ፦ ሐሳብ

38 ዓመት የተኛው ሰው ወንጌል (ዮሐ 5) የሚነበብበት ሰንበት ለዚህ መጀመሪያ ይስማማል፤ የሐሳብ ልማድ ዕድሜው ረጅም ነውና። በግብፅ በረሓ የነበረው አባ አጋቶን ዝምታን እስኪለምድ 3 ዓመት ጠጠር በአፉ ይይዝ እንደነበረ ይነገራል። ያ ለአንደበት ብቻ ነበር። በእነዚህ አራት ሳምንታት ሐሳባችሁ አይጸዳም፤ ከየት በኩል እንደሚያዝ ግን ታውቃላችሁ።

ክፉ ሐሳብ በደረጃ ይሄዳል። መጀመሪያ ይመጣል፤ ቀጥሎ ያነጋግሩታል፤ ከዚያ ይስማሙበታል፤ ሲደጋገም ልማድ ይሆናል። በቅናት እንየው። «እገሌ ዕድገት አገኘ» የሚል ወሬ ሰማችሁ፣ ልባችሁ ቆንጠጥ አለ። ይህ መምጣቱ ነው፤ እዚህ ላይ ኃጢአት የለም፣ ጌታም በገዳመ ቆሮንቶስ ተፈትኗል። «በምን ችሎታው? የማን ዘመድ ስለሆነ ነው?» ሲባል ማነጋገር ተጀመረ። ጠዋት ሰላም እንዳይሉት ሲወስኑ ስምምነት ሆነ። ከሰዓት በኋላ ሻይ ላይ ሐሜት ሆኖ በነቢብ ዓምድ ይመዘገባል። የሚያዘው በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ነው፤ ጊዜው አጭር ነው፣ ምናልባት ጥቂት እስትንፋስ።

በዚያች ጊዜ ሐሳቡን በስሙ ጥሩት፦ «ይህ ቅናት ነው።» ከዚህ በላይ አትመራመሩት፤ ከየት መጣ፣ ለምን መጣ የሚለው ምርመራ ራሱ ማነጋገር ነው። ወዲያው በአንድ አጭር ቃል መልሱለት፤ ጌታ ለፈታኙ በተጻፈው ቃል እንደመለሰ። ቃሉን አስቀድማችሁ በቃላችሁ ያዙ፤ በፈተናው ሰዓት መጽሐፍ የሚገልጥ የለም። ለቁጣ «አቤቱ፥ ለአፌ ጠባቂ አኑር» (መዝ 140፥3)። ለዝሙት «አቤቱ፥ ንጹሕ ልብን ፍጠርልኝ» (መዝ 50፥10)። ለውዳሴ ከንቱ «ለእኛ አይደለም፥ አቤቱ፥ ለእኛ አይደለም» (መዝ 113)። ለተስፋ መቁረጥ «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ?» (መዝ 41፥5)። ለቅናት ከጥቅስ ይልቅ የሰውየውን ስም ጠርቶ «እግዚኦ፣ ባርከው» ማለት ይሠራል፤ በመጀመሪያ ከልብ ባይሆንም በሉት። ቃሉን ሦስት ጊዜ ካላችሁ በኋላ ሰውነታችሁን አንቀሳቅሱ፤ ተነሡ፣ ቤት ከሆናችሁ ሦስት ጊዜ ስገዱ (ቅዳሜ፣ እሑድና በቆረባችሁበት ዕለት ስግደት የለም)፣ ከዚያ ወደ ያዛችሁት ሥራ ተመለሱ። ሥራ ላይ ወይም በሰው ቤት ሆናችሁ መነሣት ካልተቻለ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»ን በልብ መድገም ይበቃል።

ሐሳብን «አላስበውም፣ አላስበውም» እያሉ መግፋት አይሠራም፤ አላስበውም ለማለት ራሱን ማሰብ ያስፈልጋል። ባዶ ማድረግም አደገኛ ነው። በሉቃስ 11 ላይ ተጠርጎና አጊጦ ወደተገኘው ቤት የወጣው ርኩስ መንፈስ ሰባት ሌሎች ይዞ ተመልሷል። ለዚህ ነው በየሳምንቱ የተቀነሰው ጊዜ ሁሉ የሚተካ ነገር የሚፈልገው፤ ከቴሌግራም የተረፈችው ግማሽ ሰዓት የዳዊት ካልሆነች የሌላ ትሆናለች።

ከዝሙት ሐሳብ ጋር ቆሞ መታገል አያዋጣም፤ መሸሽ ነው። አልጋ ላይ ነቅቶ መቆየትን ተዉ፣ እንቅልፍ ካልመጣ ተነሥታችሁ ውዳሴ ማርያም ድገሙ። ስትናዘዙ ዓይነቱንና ድግግሞሹን ተናገሩ፤ የምስሉ ዝርዝር በተተረከ ቁጥር እንደገና ይሣላል። የሌሊት ሕልም በደብተሩ አይመዘገብም። ባልና ሚስት እርስ በርስ መፈላለጋቸውም ርኩሰት አይደለም፤ በጾሙ የሚታቀቡት ለጸሎት ሲሉ ተስማምተው ነው (1ቆሮ 7፥5)።

አንድ ነገር ለብቻው መነገር አለበት። አንዳንድ ሰው በቅዳሴ መካከል ወይም ሥዕል ፊት ሲቆም የስድብ ሐሳብ ሳይፈልገው ይመጣበታል። ይደነግጣል፤ በደነገጠ ቁጥር ይበረታበታል። ይህ ሐሳብ የሰውየው ፈቃድ እንዳልሆነ ድንጋጤው ራሱ ይመሰክራል። አትከራከሩት፣ ጸሎቱንም ከመጀመሪያ አትድገሙት፤ ካቆማችሁበት ቀጥሉ። ንስሐ አባታችሁ ጋር አንድ ጊዜ ተናገሩትና ተዉት። በየቀኑ መናዘዝ፣ ደጋግሞ መታጠብ ወይም ጸሎትን ደጋግሞ መጀመር ከተከተለ፣ እንቅልፍና ሥራ ከተወሰደ፣ ከካህኑ ጋር የአእምሮ ሐኪምም ማየት ይገባል። ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው፤ በጠበል ብቻ ይለቃል ብሎ ዓመታት መቆየት ያባብሰዋል።

በእነዚህ ሳምንታት ደብተሩ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከመኝታ በፊት ይከፈት። ሐሳብን ሰዓት በሰዓት የሚመዘግብ ሰው ሳያውቀው ቀኑን ሙሉ ከሐሳቡ ጋር ተቀምጦ ይውላል። ሌላ መጠንቀቂያ፦ አንደበቱን የገታ ሰው የሌላውን አንደበት መስማት ይጀምራል። «እሷ በጾም ስታማ አታፍርም» የሚል ሐሳብ ከመጣ «ሐ» ብላችሁ ጻፉት።

ሕማማትና ከዚያ በኋላ

ንስሐችሁን በኒቆዲሞስ (በሰባተኛው) ሳምንት ጨርሱ፤ ጸሎተ ሐሙስ ላይ ካህናት ፋታ የላቸውም፣ እናንተም ትቸኩላላችሁ። በሰሙነ ሕማማት ደብተር አያስፈልግም። የይሁዳን ሰላምታ በማሰብ መሳሳምና መጨባበጥ የሚቀርበት ሳምንት ስለሆነ ንግግሩ በራሱ ይቀንሳል፤ ስግደቱና ምንባቡ ቀኑን ይይዙታል። በዚህ ሳምንት አዲስ ነገር አትጀምሩ።

ከትንሣኤ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት ጾምም ስግደትም የላቸውም፤ ጥየቃና ግብዣ ይበዛባቸዋል። ሁሉንም ልጠብቅ ያለ ሁሉንም ይጥላል። ሁለቱን ብቻ ያዙ፦ ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር፤ ቁጣም እስከሚቀጥለው የጸሎት ሰዓት ይቆይ። ደብተሩን በጾመ ሐዋርያት መጀመሪያ ሰኞ እንደገና ክፈቱት። የመጀመሪያውን ሳምንት አሁንም ምልክት ብቻ አድርጉ፤ ሐሜቱ ቦታና ሰዓት ቀይሮ ሊሆን ይችላል።